የዋልያዋ ተራ

ፀሐይወርቅ ሰው ሲዋሽ ከድምፁ ታውቅ ነበር። ጥንቆላ አይደለም፤ ሥራዋ ነው ያስተማራት። ባሕር ዳር ስልክ ቤት ተቀምጣ ገመድ እየነቀለች ገመድ እየሰካች፣ «ሃሎ ጎንደር! ሃሎ ማርቆስ!» እያለች የስንቱን ሰው ጉድ በጆሮዋ አሳልፋለች። ዘመኑ ደግሞ የደርግ ዘመን ነውና ሰው ሁሉ የሚናገረው ዙሪያውን ነው። «አባባን ትንሽ አሟቸዋል፤ ምንም አይደለም፤ ብቻ ቶሎ ና» ሲባል ስትሰማ፣ «ወይኔ፣ ሽማግሌው አልፈዋል» ትልና ከንፈሯን ትነክሳለች። የአገራችን ሰው ሞትን በስልክ አይናገርማ! መርዶ የሚነገረው ማለዳ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ፣ ባለቤቱ ግራና ቀኙን ተይዞ ነው። እስከዚያ ድረስ ድምፅ ማር ይቀባል። ያችን ማር የተቀባች ድምፅ ፀሐይወርቅ ከስንት ድምፅ መካከል ትለያታለች።

አርባ ዓመቷን ሳትደፍን ከግራ ጆሮዋ ሥር ሽምብራ የምታህል ነገር በቀለችባት። ጎረቤት ጆሮ ደግፍ ነው አለ፤ ቅጠል ተቀጥቅጦ ታሰረላት። ሽምብራዋ ሎሚ አከለች። ባሏ አምባቸው የፋብሪካ መካኒክ ነው፤ የተበላሸ ነገር አይቶ ዝም ማለት አይሆንለትምና ከአለቆቹ ፈቃድ ለምኖ አዲስ አበባ ይዟት ሄደ። እዚያ ቀዶ ሕክምና ያደረገላት ሐኪም ወጣት ነበር፤ ውጭ አገር ተምሮ መምጣቱ ነው መሰል፣ የአገሩን ወግ ረስቶ ነገሩን ለባሏ ሳይሆን ፊት ለፊት ለራሷ ነገራት። «የምራቅ ዕጢ ካንሰር ነው። እንዲህ ያለው ዓይነት በጣም ብርቅ ነው፤ እኔም ብዙ አላየሁ» አላት። አምባቸው ሐኪሙን ኮሪደር ላይ አንቆ ሊይዘው ምንም አልቀረው። «እንዲህ ያለ ነገር ለታመመ ሰው ይነገራል? ምነው፣ እኔ አልነበርሁም?»

ብርቅ! ወርቅ ብርቅ ቢሆን ደግ ነበር። በሽታ ብርቅ ሲሆን ግን ሰውን ብቻውን ያስቀረዋል። ወባ የያዘው ሰው መንደሩ ሁሉ ሐኪሙ ነው፤ አንዱ «እንዲህ አድርግ» ይለዋል፣ ሌላው «እኔም ባለፈው ዓመት እንዲሁ አንዘፍዝፎኝ ተነሣሁ» ይለዋል። ለፀሐይወርቅ «እኔም እንዳንቺ ነበርሁ» የሚላት ከየት ይምጣ? ዕጢው ከፊቷ ነርቭ ጋር ተጠላልፎ ኖሮ ሐኪሙ ሁለቱንም አብሮ ቆርጦታል። ግራ ፊቷ ወረደ። ዓይኗ አልከደን፣ ከንፈሯ አልገጥም አለ። የጠጣችው በአፏ ጥግ ይንጠባጠባል፤ «ባሕር ዳር» ልትል ስትል ትንፋሹ በዚያው ያመልጣታል። ስልክ ቤት መመለስ ቀረ። መጋረጃውን ዘግታ ተቀመጠች። ከአምባቸው ጋር እንኳ ማዕድ መቅረብ ተወች፤ እሱ ከሥራ ሳይመለስ ጓዳ ገብታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትጎርሳለች። እግዜር ልጅ አልሰጣቸውም። በዚያ ቤት እሷና እሱ ብቻ፣ አንዱ ሌላውን ላለማስከፋት ትንፋሻቸውን ውጠው ይኖሩ ነበር።

ከጆሮዋ ኋላ ያለው ቁስል አልደርቅ ብሎ ማክሰኞ ማክሰኞ ሐኪም ቤት ሄዳ ፋሻ ታስቀይራለች። ኮሪደሩ ላይ ስትቀመጥ አጠገቧ ያለው ሰው ቀስ እያለ ይሸሻል። አንድ ማክሰኞ አንዲት እናት የልጇን ዓይን በነጠላዋ ስትሸፍን ጊዜ ፀሐይወርቅ ብድግ ብላ ወጣች። ግቢው ውስጥ ዋርካ አለ። ከሥሩ፣ ድንጋይ ላይ፣ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል። እነሱም ኮሪደሩ የገፋቸው ናቸው።

አንዱ መሪጌታ ዓምደ ሚካኤል ናቸው፤ የዘጌ የድጓ መምህር፣ ቀኝ ዓይናቸው ከነዕጢው ወጥቶ ቦታው በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ። ሁለተኛው አንዳርጋቸው ይባላል፤ የደልጊ ዓሣ አስጋሪ፣ ሃያዎቹን ያላጋመሰ ጎረምሳ፣ የአጥንት ካንሰር ይዞት አንድ እግሩ ከጉልበቱ በላይ የተቆረጠ። ሦስተኛዋ ባንቺአየሁ የመሸንቲ የጌሾ ነጋዴ ናት፤ ወፈር ያለች፣ ድምፀ ጎርናና፣ አንድ ጡቷን ያጣች።

መሪጌታ በቀረቻቸው ዓይን ከታች እስከ ላይ አዩዋትና፣ «አንቺ ልጅ፣ ያን ግማሽ ፊትሽን የት ጥለሽው መጣሽ?» አሏት።

ፀሐይወርቅ ክው አለች። ከታመመች ጀምሮ ስለ ፊቷ አንድም ሰው አንዲት ቃል ተንፍሶ አያውቅም። «ምን አሉኝ?» አለች።

«እኔ ዓይን ጥያለሁ። ይኸ እግር ጥሏል። ይቺ ሴትዮ ጡት ጥላለች። ከቀረን ከቀረን ላይ አዋጥተን አንድ ደኅና ሰው እናወጣለን ብለን ስንማከር ነበር የደረስሽ። ለፊት የሚሆን ጠፍቶን ነበር፤ ያንቺ ቀኙ መልካም ነው።»

ልታለቅስ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ያውም የማያምር ሳቅ፤ በአንድ በኩል ብቻ የሚስቅ። ባንቺአየሁ ድንጋዩ ላይ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላት፤ ወደ እሷ ጠጋ ነው እንግዲህ፣ ከእሷ ራቅ አይደለም። የሐኪሙን ቃል ስትነግራቸው አንዳርጋቸው ምርኩዙን መሬት ላይ መታ።

«እንዲያማ ከሆነ ብርቅዬ ነሻ፣ እትዬ! እንደ ዋልያ!»

«የኔማ የገበያ ነው፤ የትም ይገኛል» አለች ባንቺአየሁ፣ የቀናች መስላ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ስሟ ዋልያ ሆኖ ቀረ። ማክሰኞ እንደ በዓል የምትጠበቅ ሆነች። ዋርካው ሥር የማይነገር ነገር አልነበረም። መሪጌታ ዓይኗ እንዳይደርቅ ስትተኛ እንዴት አድርጋ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ እንደምትሸፍነው አሳዩዋት። ባንቺአየሁ ጠላ በመቃ መምጠጥ አስተማረቻት፤ ደግሞም ቁስሏ ላይ ያደረገችውን ቅጠል አይታ፣ «አንቺ፣ እኔ በዚህ በዚህ ስንት ወር አቃጥያለሁ! ይኸን አንሺው፣ ፋሻ የሚቀይርልሽ ድሬሰር ያለሽን ብቻ አድርጊ» ብላ ተቆጣቻት። አንዳርጋቸው የሌለ እግሩ እያሳከከው እንቅልፍ እንደሚነሳው አወራ፤ ይስቁበታል፤ እሱም ይስቃል፤ ከዚያ ሳቁ መሐል አንዳንዴ ያለቅስና ሁሉም ጠጋ ብለው አብረውት ይቀመጣሉ። ዋርካው ሥር አንድ ነገር ብቻ ነውር ነበር፤ «አይዞሽ፣ ምንም አይደለም፣ ትድኛለሽ» ማለት። «እሱን ከውጭ የጠገብነው ነው» አሉ መሪጌታ። «እዚህ የሚነገር እውነቱ ነው። እውነቱ ካልጣፈጠም በቀልድ ይበላል።»

አንድ ማክሰኞ ባንቺአየሁ ዓይኗ ቀልቶ መጣች። «ምን ሆንሽ?» ቢሏት፣ «ቁስሌ ደረቀ፤ ከእንግዲህ አትምጪ አሉኝ» ብላ ለቅሶዋን ለቀቀችው። ወይ ጉድ! ዳንሁ ብሎ የሚያለቅስ ሰው ታይቶ ይታወቃል? ፋሻው ካለቀ ማክሰኞም አለቀ፤ መሸንቲ፣ ዘጌ፣ ደልጊ ተብሎ መበተን ሊመጣ ነው። ያን ጊዜ ነው ጽዋ እንጠጣ የተባለው። በወር በወሩ በአሥራ ስድስት፣ በኪዳነ ምሕረት ስም፣ አንድ ጊዜ አንዱ ቤት አንድ ጊዜ ሌላው ቤት። መሪጌታ የማኅበሩ ሙሴ ሆኑ። አንዳርጋቸው ባሕር ዳር እኅቱ ዘንድ ሰንብቶ ስለነበር የመጀመሪያው ድግስ በእሱ በኩል ተደገሰ። ባሎች፣ ሚስቶች፣ ዘመዶች ግን አይገቡም፤ ደንቡ «ሕመሙ ያለበት ሰው ብቻ ይግባ» የሚል ነው። ምክንያቱም ጤነኛ ሰው ሲገባ «አይዞህ»ን ይዟት ይገባል።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አበራ ወሬው ደርሶት አንድ ቀን ከች አለ። «ከመሸንቲም ከዘጌም ከደልጊም የሚሰበሰብ ስብሰባ ምን ዓይነት ስብሰባ ነው? አጀንዳችሁ ምንድን ነው?»

«አጀንዳችን ዕጢ ነው፣ ጓድ ሊቀ መንበር» አሉ መሪጌታ፤ ጨርቁን ከዓይናቸው ላይ ገለጥ አደረጉት።

አበራ «ቀጥሉ፣ ቀጥሉ» እያለ በመጣበት እግሩ ወጣ። ዳግመኛም አልተመለሰ።

እንግዲህ የጽዋ ማኅበር ወጉን የምታውቁት ነው። ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ የቀጣዩ ወር ተረኛ ጽዋውን ከነማሰሮው ይረከባል። ማኅበርተኛው በእልልታና በዝማሬ ቤቱ ድረስ ይሸኘዋል። ጽዋ ያነሣ ሰው «ለወሩ አለሁ፤ ቤቴ ኑ» ብሎ ቃል መግባቱ ነው። ለጤነኛ ሰው ቀላል ነገር ነው። ለእነዚህ ለአራቱ ግን ቀላል አልነበረም፤ ስለዚህም ነው ጽዋውን ሲያነሡ ደጋግመው የሚያማትቡት፣ ሲደርሱም እልልታቸው ሰማይ የሚነካው።

ፀሐይወርቅ ተራዋ በደረሰ ቁጥር «ይለፈኝ» ትል ነበር። ሐምሌ ላይ ይለፈኝ አለች፤ ኅዳር ላይም ይለፈኝ አለች፤ ባንቺአየሁ በእሷ ተራ አነሣች። ምክንያቱን ለማንም ባትናገር ለራሷ ታውቀዋለች። ፈርታ ነው። «ለወሩ አለሁ» ብላ በኪዳነ ምሕረት ስም ቃል ገብታ ባትኖርስ? አምባቸው በተደገሰ ድግስ መሐል ሬሳዋን አቅፎ ሲቀር ይታያታል። ማኅበርተኞቹ ቀለዱባት እንጂ አላስገደዷትም። «ዋልያ ገደል ትወዳለች እንጂ ድግስ አትወድም» ይላሉ መሪጌታ።

የካቲት ሊያልቅ ሲል ሳል ጀመራት። የደረት ራጅ ተነሣች። የባሕር ዳሩ ሐኪም ሸምገል ያለ፣ ወግ የሚያውቅ ሰው ነው፤ «ትንሽ ብርድ ነው» አላትና አምባቸውን ለብቻው ጠራው። አምባቸው ሲወጣ ጥርሱን ሁሉ እያሳየ ነበር። «ብርድ ነው አለ! ብርድ ብቻ! ሻይ በዝንጅብል ጠጪ አለ!» ድምፁ ማር ነው። ነገር ግን የአምባቸው ድምፅ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ማር እንደተቀባ ስለከረመ፣ የዛሬው ማር የትናንቱ ይሁን አዲስ ፀሐይወርቅ መለየት አቃታት። እውነቱን ከፈለግሁ ማኅበር አለኝ ብላ ተወችው።

መጋቢት አሥራ ስድስት ጽዋው መሪጌታ ቤት፣ ዘጌ ነበር። ከባሕር ዳር ሦስቱ አብረው በጀልባ ተሳፈሩ። ጀልባው ሞልቶ ነበር። ፀሐይወርቅ ቆማ ሳለ አንዳርጋቸው ከመቀመጫው ተነሣና በምርኩዙ ተደግፎ፣ «እትዬ፣ አንቺ ተቀመጪ» አላት። አንድ እግር ያለው ሰው! ሌላ ጊዜ ቢሆን «ሁለት እግር ይዘሽ ከኔ ቦታ ትለምኛለሽ?» ይላት ነበር። ባንቺአየሁም ነፋስ እንዳይመታት ነጠላዋን እያጣፋችላት፣ «ብርድ አገኘሽ እንዴ የኔ እናት?» ትላለች። የኔ እናት! ባንቺአየሁ ከመቼ ወዲህ ነው «አንቺ ጠማማ» ማለት የተወችው?

ዘጌ ሲደርሱ መሪጌታ ወደቡ ድረስ ወርደው ጠበቋት። «ልጄ ፀሐይወርቅ፣ እንደምን ሰነበትሽ?» አሉ። ዋልያ አላሏትም። በቡናው ዛፍ መሐል በጠባቧ መንገድ ወደ ቤታቸው ሲወጡ በየደረሱበት እየቆሙ ያሳርፏታል። ቤት ገቡ፤ ጸሎት ደረሰ፤ የጾሙ ማዕድ ቀረበ። ጽዋው ሲዞር ፀሐይወርቅ መቃውን ትታ ሆን ብላ በአፏ ጠጣች። ጠላው በአገጯ ወርዶ ቀሚሷን አራሰው። ማንም አልቀለደባትም። አንዳርጋቸው አንገቱን ደፋ። ባንቺአየሁ በነጠላዋ ጫፍ እያበሰቻት፣ «ምንም አይደለም፣ የኔ እመቤት፣ ምንም አይደለም» አለች።

ያች ድምፅ። ስልክ ቤት ስንት ዓመት የሰማቻት ድምፅ፣ ራሷ ናት።

ፀሐይወርቅ ጽዋውን አስቀመጠች። «ማን ነው የሞተው?» አለች።

«ኧረ ማንም!» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ፣ በለስላሳው።

«እንግዲያስ የሞትሁት እኔ ነኝ» አለች።

አንዳርጋቸው ምርኩዙን ያሻሻል። መሪጌታ፣ ሺህ ድጓ ከአፋቸው የማይጠፋ ሰውዬ፣ ባዶውን መሶብ ይከድኑ ጀመር። ያን ጊዜ ፀሐይወርቅ ተነሥታ ጮኸች። «ውጭ ያለው ይዋሸኝ! ሐኪሙ ይዋሸኝ! ባሌ ይዋሸኝ! እናንተ ግን? ዋርካው ሥር ምን ተባብለን ነበር? እኔ እናንተ ዘንድ የምመጣው ጠላ ጠምቶኝ ነው እንዴ?» ሳሏ ጉሮሮዋን ያዛት። ነጠላዋን እየጎተተች ወጥታ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ሮጠች።

ውኃው ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ሳለ ባንቺአየሁ እያለከለከች ደረሰች። ከጎኗ ዘፍ አለች። ትንፋሿ እስኪመለስ ድረስ ሁለቱም ውኃውን አዩ።

«ባልሽ መሸንቲ መጣ» አለች ባንቺአየሁ። «በገበያ ቀን። ሰው ሁሉ እያየው ጌሾዬ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኔ ወንድ እንዲያ ሲያለቅስ አላየሁም። አትንገሯት፣ ክፉ ቀልድም አትቀልዱባት፣ አፈር ስሆን ብሎ ለመነኝ። እኔም ለነዚህ ነገርሁ። ምን ላድርግ? አንጀቴን በላው።»

«ምን አለሽ? በይ፣ በደንቡ ንገሪኝ።»

ባንቺአየሁ እጇን ያዘቻት። ማሩን ሳትቀባ፣ በዚያ በጎርናና ድምፅዋ፣ «ሳንባሽ ገብቷል። ሐኪሙ ክረምቱን አታልፍም ብሎታል» አለች።

ፀሐይወርቅ አለቀሰች። አንጀቷ እስኪታጠፍ አለቀሰች፤ ባንቺአየሁም አብራት አለቀሰች፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንደሚባለው ነው። «እፈራለሁ፣ እትዬ ባንቺ» አለች ኋላ፤ «በጣም እፈራለሁ።»

«እኔስ? ጡት የቆረጡልኝ ፍርሃቴን አብረው የቆረጡልኝ መሰለሽ? አብረን እንፈራለና።»

ፀሐይወርቅ ፊቷን በሐይቁ ውኃ ታጠበች። እንግዳ ነገር ነው፤ ለመሞት ቀን እንደተቆረጠላት እየሰማች፣ ከደረቷ ላይ አንድ ድንጋይ የተነሣላት መሰላት። ስንት ወር ብቻዋን ስትፈራው የነበረውን አሁን ሌላም ሰው ያውቀዋል። ተመልሰው ሲገቡ ሁለቱ ወንዶች ከተቀመጡበት ንቅንቅ አላሉም ነበር።

«ክረምት መቼ ነው የሚገባው?» አለች ከደጃፉ ሳታልፍ።

«ሰኔ ነዋ» አሉ መሪጌታ በሐዘን።

«ሚያዝያ አሥራ ስድስት ከሰኔ በፊት ነው። ተራው የኔ ነው። ጽዋውን አምጡ።»

መሪጌታ ቆመው፣ ማሰሮውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ሰጧት። የቀረቻቸው ዓይን እንባ አቀረረች። ከዚያ፣ «እንግዲህ ዋልያ ስትደግስ ሣር ነው የምታበላን» አሉ። አንዳርጋቸው ፈንድቶ ሳቀ። ፀሐይወርቅም በቀኝ ጉንጯ ሳቀች፤ የዚያን ቀን እንደዚያ ስድብ የጣማት ነገር የለም። እስከ ጀልባው እየዘመሩ ሸኟት።

አምባቸው ባሕር ዳር ወደቡ ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። በነጠላዋ ሥር ማሰሮውን ሲያይ ደነገጠ።

«አምባቸው፣ ክረምቱን እንደማላልፍ አውቃለሁ» አለችው።

እዚያው የወደቡ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። «ማነው የነገረሽ?»

«ሁላችሁም ነግራችሁኛል፤ በለስላሳ ድምፃችሁ። በል ተነሥ። ከእንግዲህ እኔና አንተ እውነቱን ነው የምንነጋገረው። ደግሞም ብዙ ጌሾ የሚወቅጥ ሰው እፈልጋለሁ።»

የዚያን ዕለት ማታ ከአንድ መሶብ በሉ። ሽሮው በአፏ ጥግ ሲፈስ ፊቷን አላዞረችም። አምባቸው እጁን ዘርግቶ በአውራ ጣቱ ጠረገላት፤ ከዚያ መልሶ መጉረሱን ቀጠለ።

ጌሾውን የወቀጠው እሱ ነው። ጎረቤት በአጥር አሾልኮ እያየ፣ «አበስሁ ገበርሁ! የፋብሪካ መካኒክ ሙቀጫ ላይ!» ይላል፤ ይበል። ፀሐይወርቅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታዘዋለች። «ብቅሉን አሁን ጨምር። እንዲህ አይደለም! ጋኑን መጀመሪያ እጠነው። ይኸ ሞተር አይደለም፣ በዘይት አይነሣም።» እሱ እያላበው ይስቃል። የመጀመሪያው ጥንስስ ኮመጠጠ፤ ደፉት። ሁለተኛው ሰመረ። ጉልበቷ ግን በየሳምንቱ ይቀንስ ነበር፤ መጀመሪያ ቆማ ታዝ የነበረችው ኋላ ተቀምጣ፣ ኋላም አልጋ ላይ ሆና ታዘው ጀመር። ማታ ማታ፣ «ለአሥራ ስድስት አደርስ ይሆን?» ትለዋለች። «አላውቅም» ይላታል። እንዲህ ማለቱን ትወድለታለች።

ደረሰች። የፋሲካው ሰሞን ነበርና ዶሮም ነበረ። ማኅበርተኞቹ ገቡ፤ አልጋዋን ወደ ሳሎን አውጥተውላት ተደግፋ ተቀመጠች፤ አንዳርጋቸው የቆረጠላትን መቃ ሰጣት። በሉ፤ ጠጡ፤ ተሰዳደቡ። አምባቸው ማኅበርተኛ አይደለምና አልተቀመጠም። ማንቆርቆሪያ ይዞ እንደ አሳላፊ ጓዳና ሳሎን ይመላለሳል፤ ቀድቶ ይወጣል፤ ሲስቁ ከጓዳው በር ሆኖ ያዳምጣል። ፀሐይወርቅ አየችው። ትከሻው ወርዷል፤ የሸሚዙ አንገት ሰፍቶታል። መች ነው እንዲህ የከሳው? እሷ ሕመሟን ከሦስት ሰው ጋር ተካፍላ ስትሸከም፣ እሱ ያንን ሁሉ ብቻውን ተሸክሞ ከረመ።

መሪጌታ ተነሡ። «ተረኛው አንዳርጋቸው ነው። በል ጽዋውን ተረከብ።»

«ይቅርታ፣ መሪጌታ» አለች ፀሐይወርቅ። «ለአምባቸው ነው የምሰጠው።»

አምባቸው ማንቆርቆሪያውን ይዞ በሩ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ዋልያ፣ ደንቡን ታውቂዋለሽ» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው። «ያልታመመ ሰው አይገባም።»

«እስቲ እዩት፤ ይኸ ጤነኛ ነው? እኔ ማክሰኞ ነበረኝ፣ ዋርካ ነበረኝ፣ እናንተ ነበራችሁልኝ። እሱ ማን አለው? እኔ ስሄድ ለቀስተኛው ሰልስት አውጥቶ ይበተናል። ከዚያ በኋላ ይኸን በር ማን ያንኳኳል?»

መሪጌታ ጨርቃቸውን አስተካከሉ፤ ወደ ባንቺአየሁ አዩ፤ ባንቺአየሁ ወደ አንዳርጋቸው አየች። ማንም «አይሆንም» አላለም።

«አልችልም!» አለ አምባቸው። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ። «በሚመጣው ወር አንቺ ሞተሽ፣ እኔ እዚህ ቤት ብቻዬን ጠላ ጠምቄ ሰው እጠራለሁ? እንዴት ብዬ ነው የምችለው?»

ድምፁ ሻካራ ነበር። ማር የሌለበት፣ የጥንቱ የአምባቸው ድምፅ። ፀሐይወርቅ ስንት ጊዜ ናፍቃው ነበር!

«ብቻህን አይደለማ። ጌሾውን እትዬ ባንቺ ታመጣለች። መጥመቁን ተምረሃል። መሪጌታ ይጸልያሉ። አንዳርጋቸው ይበላል።»

«እበላለሁ» አለ አንዳርጋቸው፣ ዓይኑን በእጀታው እየጠረገ።

ማሰሮውን ከራስጌዋ አንሥታ ዘረጋችለት። ክብደቱን ክንዷ አልቻለም፤ ባንቺአየሁ ከሥሩ ደገፈችው። አምባቸው ወደ ጓዳ ገባ። ነጠላ አምጥቶ አጣፋ፣ ቀረበ፣ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበለ። ባንቺአየሁ እልልታዋን አቀለጠችው።

«እንግዲህ ወዴት ነው የምንሸኘው?» አለ አንዳርጋቸው። «ቤቱ እዚሁ!»

«ያልተሸኘ ጽዋ አይገባም!» አሉ መሪጌታ። «እስከ ሐይቁ ወስደን እንመልሰዋለን። ተነሡ!»

ወጡ። ፀሐይወርቅ ግድግዳውን እየተደገፈች እስከ ደጃፉ ደረሰች። አምባቸው ጽዋውን ደረቱ ላይ አቅፎ መሐል ገብቷል። መሪጌታ ከፊት ሆነው እየዘመሩ ያሸበሽባሉ። አንዳርጋቸው አንድ ክንዱን በአምባቸው ትከሻ ላይ ጥሎ ያነክሳል፤ ባንቺአየሁ በሌላው ጎኑ ናት። አምባቸው ያለቅሳል፤ አንዳርጋቸው አንድ ነገር በጆሮው አለው፤ እንባውን ሳይጠርግ ሳቀ። እኔ ሳልኖር እንዲህ ነው የሚሆነው አለች በልቧ። አመማት፤ ደግሞም ደስ አላት፤ ሁለቱም ባንድነት። ከመንገዱ መታጠፊያ ወዲያ እስኪሰወሩ ድረስ አየቻቸው፤ ከዚያ ገብታ ለሚመለሱት ጠላ ቀዳች።